ሳክሶፎን ተጫዋች መሰንቆን ሲዳኝ

በደሴ ከተማ በተዘጋጀ የወጣቶች የሙዚቃ ውድድር መክፈቻ ላይ የዳኞች ሰብሳቢ ያደረጉት ንግግር

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ የባንድና የኪነት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም መሣሪያችሁን አቅፋችሁ ተራችሁን የምትጠብቁ ወጣት ተወዳዳሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዳኞቹ ዝርዝር ከተለጠፈ ወዲህ በየሻይ ቤቱ አንድ ጥያቄ ሲዞር ሰንብቷል። ከአምስቱ ዳኞች ሦስታችን ሳክሶፎን ተጫዋቾች ነን፤ ያውም የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ተምረን በእሱ እንጀራ የምንበላ። «እነዚህ ሰዎች መሰንቆ ይዞ የሚቀርበውን ልጅ በየትኛው ጆሯቸው ሊዳኙት ነው?» ተብሏል። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ይባል የለ? እኔ ደግሞ ዳኛ ሲገኝ ዳኛውን ራሱን መጠየቅም ያስፈልጋል እላለሁ። የዕለቱን መርሐ ግብር የመድረክ መሪው ይነግራችኋል። የእኔ ንግግር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

መልሱን ከራሳችን ጓዳ ልጀምር። «ክላሲካል ሳክሶፎን ተጫዋች» ሲባል ብዙ ሰው ጥንታዊና የተደላደለ ሥርዓት ያለው፣ ሁሉም በአንድ ጆሮ የሚሰማበት ማኅበር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መሣሪያውን የፈጠረው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1814 ቤልጂየም ውስጥ ዲናን በተባለች ከተማ ተወለደ። ፓሪስ ገብቶ የፈረንሳይን ወታደራዊ ባንዶች በራሱ መሣሪያዎች ለመለወጥ ሲነሳ፣ ነባሮቹ መሣሪያ ሠሪዎች ጠላት ሆኑበት። ክርክሩ የተፈታው በምን ይመስላችኋል? በውድድር! እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1845 ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ የነባሩ ዓይነት ባንድና የሳክስ መሣሪያዎች የያዘ ባንድ ፊት ለፊት ተጫወቱ። እስከ 20 ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ እንደነበር ይነገራል። ሕዝቡ ለሳክስ ጮኸ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት መሣሪያዎቹን ወደ ሠራዊቱ ባንዶች አስገባ። የሳክሶፎን የባለቤትነት ፈቃድ የተሰጠው በዓመቱ በ1846 ነው።

ወታደሩ ተቀበለው፤ የክላሲካል ሙዚቃ ሊቃውንት ግን በሩን ገርበብ አድርገው ነው የቆዩት። ሳክስ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር፣ ማለትም በከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከ1857 ጀምሮ ቢያስተምርም ክፍሉ በ1870 ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው ፈረንሳዊው ሳክሶፎን ተጫዋች ማርሴል ሙል በተሾመበት በ1942 ነው። በመካከሉ 72 ዓመት አለ። እንግዲህ እኛ «ወጋችን» የምንለው ነገር በኮንሰርቫቷር ደረጃ የአንድ አዛውንት ዕድሜ ያህል ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ አምባሰልን ሲዘፍኑ የኖሩ ሰዎች ፊት «የእኛ ትምህርት ጥንታዊ ነው» ብሎ መኩራራት አያምርብንም።

በዚህ አጭር ዕድሜም ቢሆን ተጣልተናል። ሙል ድምፅን እያርገበገቡ እንደ ዘፋኝ ማዜምን የክላሲካል ሳክሶፎን መለያ አደረገው፤ ተማሪዎቹ እርግብግቡን ምት በሚቆጥረው መሣሪያ በሜትሮኖም እየለኩ ይለማመዱ ነበር። በዚያው ዘመን ሲጉርድ ራሸር የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ የአፍ ማስገቢያው ሳክስ እንዳሰበው ሰፊና ክብ ሆድ ያለው ካልሆነ ድምፁ ሳክሶፎን አይደለም ብሎ ቆመ። ሁለት ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ተኩል ገደማ የሆነውን የመሣሪያውን የድምፅ ወሰንም እስከ አራት ኦክታቭ ገፋው። ዛሬ በየውድድሩ የሚጫወቱትን ኮንቼርቶ፣ ማለትም አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሥራ፣ ሩሲያዊው አቀናባሪ ግላዙኖቭ በ1934 የጻፈው ለዚሁ ለራሸር ነው። ሙልም ራሸርም በ2001 አረፉ፤ የሙል ተማሪ ከራሸር ተማሪ ጋር በአንድ የዳኞች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ክርክሩ ዛሬም ይነሳል። አንዱ «ሞቅ ያለ» ያለውን ድምፅ ሌላው «ቀጭን» ይለዋል። ሁለቱም የሚሰሙት በአስተማሪያቸው ጆሮ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ላስቃችሁ አይደለም፤ ፈገግ ያላችሁትን ግን አይቻለሁ። አንድ ዳኛ «የድምፅ ጥራት» በሚለው ረድፍ ሰባት ወይም ዘጠኝ ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ ከተወዳዳሪው ብቻ እንደማይመጣ እንድታውቁት ነው። ከዳኛው አስተዳደግም ይመጣል። ጌታቸው መኩሪያን አስቡ። የይፋት ልጅ ናቸው፤ ከእኛ ብዙም አይርቁም። ሽለላውንና ቀረርቶውን በቴነር ሳክሶፎን አስገብተው፣ ድምፁን እያንቀጠቀጡና እያስጓሩ ሲጫወቱ የዓለምን ጆሮ ሳቡ። በ2008 ዓ.ም. ያረፉት እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ከፓሪስ በመጡ ዳኞች ፊት ቢቀርቡ ስንት ያገኙ ነበር? ለጣት ፍጥነት ጥሩ፤ ለድምፅ ጥራት፣ እኔ እንጃ። ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ለእናንተ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ቅኝት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ ምድር ስም ነው። በአምባሰል ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ እርምጃ ብቻ ይርቃል። በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ በቃ። መሰንቆ ግን ቁልፍ የለውም። አንድ ክር አለው፣ ጣት አለ፣ ጆሮ አለ። መሰንቆ መቺው ያችን ሁለተኛ ድምፅ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወይም ከታች አንሸራቶ ያመጣታል፤ ዘፋኟም እዚያው ትከተለዋለች። በስልክ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ ብትለካው መርፌው ከመሃል ይርቃል። መለኪያውን የሚያምን ዳኛ «ከድምፅ ወጥቷል» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል።

እኛ ምን ልናደርግ ነው? ሦስታችንም የተስማማንበት አንድ መመዘኛ አለ። ተወዳዳሪው ያችን ድምፅ በተመለሰባት ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ካሳረፋት ቅኝቱ ነው፤ ከእኛ ፒያኖ ጋር አለመግጠሟ ጉዳያችን አይደለም። አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ካረፈች ግን ጣቱ አልሰከነም፤ ነጥብ ይቀነሳል። ይህ ደንብ ለሳክሶፎን ተወዳዳሪዎችም ይሠራል። በከንፈር አያያዝ ድምፅን ዝቅና ከፍ ማድረግ እንደሚቻል እናውቃለን። አምባሰልን በሳክሶፎን የሚጫወት ልጅ ሁለተኛውን ድምፅ ሆን ብሎ ቢያጎብጠው ደስ ይለናል፤ ሳያውቅ ቢወድቅበት ደግሞ እንሰማዋለን። በነገራችን ላይ የእኛ ትምህርት ለዚህ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ሩሲያዊው አቀናባሪ ዴኒሶቭ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደጻፈው ሶናታ ያሉ ሥራዎች በቁልፎች መካከል ያለውን ሩብ ድምፅ ጭምር ይጠይቁናል። በቁልፍ መካከል መስማትን ለዓመታት የተለማመድነው ነገር ነው።

ሳክሶፎን ተጫዋች በደንብ የሚሰማው ሌላ ነገር እስትንፋስ ነው። ሙያችን እሱ ነው። ዘፋኟ ትንፋሽ የወሰደችው ስንኙ በሚፈቅድበት ቦታ ነው ወይስ ሳንባዋ ባስገደዳት ቦታ? ዋሽንት ነፊው የሐረጉን መጨረሻ ሞልቶ ያደርሰዋል ወይስ ይሰርቀዋል? መንዙማ ሲባል ያደገ የወሎ ልጅ ስለ እስትንፋስ ከእኛ ያነሰ አያውቅም፤ የመሰንቆ ደጋንም አመላለሱ ትንፋሽ ነው። በዚህ በኩል ጆሯችንን እመኑት።

የማንችለውንም ልንገራችሁ። የደጋን እጅ አያያዝ ላይ ሥልጣን የለንም። በግጥም፣ በተለይ ሰሙ ወዲህ ወርቁ ወዲያ በሆነ ግጥም፣ እኔ ዝም እላለሁ። ለዚህ ነው ከእኛ ጋር አንድ የመሰንቆ መምህርና አንዲት የረጅም ዘመን ድምፃዊት የተቀመጡት። በነዚህ ረድፎች ሁለቱ የሚሰጡት ነጥብ ብቻ ይያዛል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። በድሮው ችሎት፣ ንጉሡ ፊት እንኳ ቢሆን፣ ፍርድ የሚጀመረው ከታናሹ ነበር። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ አፉን ይዘጋልና። አያቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ዛሬ በየስብሰባው የረሳነው እኛ ነን። እዚህም ዳኛ ሁሉ ነጥቡን በጽሑፍ ሳያስገባ ከጎረቤቱ ጋር ቃል አይለዋወጥም። ውይይት ካስፈለገም ከመካከላችን በዕድሜ ታናሽ የሆነችው ሳክሶፎን ተጫዋች ትጀምራለች፤ እኔ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ተወዳዳሪውን ያስተማረ ወይም የሚዘመደው ዳኛ ለዚያ ተወዳዳሪ ነጥብ አይሰጥም።

በብዙ ውድድር ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ ጥሎ የቀረውን ማካፈል የተለመደ ነው። አዘጋጆቹም ይህንኑ ሐሳብ አቅርበውልን ነበር፤ እኔ አልወደድኩትም። አራቱ ያልሰሙትን አንዱ ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ሰው ከሒሳቡ መጣል ጆሮ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ከመቶው በሁለት ዳኞች መካከል የ20 ነጥብ ልዩነት ከተገኘ ሁለቱም ምክንያታቸውን በቃል ያስረዳሉ፤ ከዚያ ያሻሽላል ወይም ይጸናል። ጊዜ ይወስዳል። ትታገሡናላችሁ።

የመጀመሪያው ዙር በመጋረጃ ነው። ልጆቻችሁን አልብሳችሁና አሳምራችሁ ያመጣችሁ ወላጆች ቅር እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ምክንያት አለን። ቺያ ጁንግ ጼይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች የታላላቅ ውድድሮችን አሸናፊ እንዲገምቱ አደረገች። ሙዚቃውን ከሰሙት ይልቅ ድምፅ የሌለው ምስሉን ብቻ ያዩት በተሻለ ለዩት። ባለሙያ ሙዚቀኞችም ከዚህ አላመለጡም። ዳኛ ነኝ የሚል ሰው ይህን አንብቦ በሰላም የሚተኛ አይመስለኝም። በሁለተኛው ዙር መጋረጃው ይነሳል፤ የመድረክ አቀራረብም ነጥብ ስላለው የባህል ልብሱ ያኔ ይታያል።

ተራም ነገር አለው። በቤልጂየም የንግሥት ኤልሳቤጥ ውድድር ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ተራው በዕጣ ቢወጣም ዘግየት ብለው የሚጫወቱት ከቀደሙት የተሻለ ደረጃ የማግኘት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። ዳኛ በጠዋት ንፉግ ይሆናል መሰለኝ። ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር አዲስ ዕጣ አናወጣም፤ ተራውን እንገለብጠዋለን። ዛሬ መጀመሪያ የቀረበ ነገ መጨረሻ ይቀርባል።

ከኮምቦልቻ ለመጣችሁ አንድ ምክር አለኝ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ጠዋት ከዚያ ሙቀት ተነስታችሁ ወደዚህ ቁር ወጥታችኋል። አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ በውስጡ የሚጓዝበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሳክሶፎኑም ዋሽንቱም ዝቅ ብሎ ይጮኻል። እርጥበት የነካው የመሰንቆ ቆዳም ይላላል። መሣሪያውን ሳያሞቅ የቃኘ ሰው በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሌላ ቅኝት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ለማሟሟቂያ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ክፍል ክፍት ነው። ሪዳችሁን፣ ያን በአፍ ማስገቢያው ላይ የሚታሰረውን ቀጭን ሸምበቆ፣ አስቀድማችሁ በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ሪድ ይጣመማልና።

ብዙዎቻችሁ አንድን ሳክሶፎን ለሦስትና ለአራት እንደምትጠቀሙበትም እናውቃለን። የላይኛው ቁልፍ ሥር ያለው የቆዳ መክደኛ አየር ካሾለከ ዝቅተኞቹ ድምፆች ይሰነጠቃሉ ወይም ጨርሶ እምቢ ይላሉ። የመሃልና የላይ ድምፆቹ ንጹሕ ሆነው ታቹ ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው መሆኑን ሦስታችንም ከሩቅ እንለየዋለን፤ በዚያ ነጥብ አንቀንስም። መሰንቆ ብቻ የሚያውቅ ዳኛ ይህን ላይሰማው ይችል ነበር። ሳክሶፎን ተጫዋች ዳኛ ምን ይጠቅማል ላላችሁት አንዱ ጥቅም ይኸው።

ጭብጨባን በተመለከተ፣ በወሎ አዳራሽ ውስጥ «አታጨብጭቡ» የምል ሰው አይደለሁም፤ ጭብጨባ እዚህ የሙዚቃው አካል ነው። የምለምናችሁ ቁራጩ ካለቀ በኋላ ዳኞቹ ጽፈው እስክሪብቷቸውን እስኪያስቀምጡ ድረስ ስም እየጠራችሁ እንዳትጮሁ ብቻ ነው። ስሙን ካወቅነው መጋረጃው ምን ሊጠቅመን?

የነጥብ መስጫው ሉህ የተወዳዳሪው ንብረት ነው። ዳኛው በእያንዳንዱ ረድፍ ከቁጥሩ አጠገብ ምክንያቱን በአማርኛ ይጽፋል፤ ይፈርማል። ማታ ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ከመዝገብ ጠረጴዛው ትወስዱታላችሁ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ከመምህራችሁ ጋር መጥታችሁ የፈረመውን ዳኛ ፊት ለፊት ጠይቁት፤ አምስታችንም እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እዚሁ እንቆያለን።

የዕጣው ሳጥን መድረኩ ላይ ነው። ድምፃውያን በቀኝ በኩል፣ መሣሪያ የያዛችሁ በግራ በኩል ተሰለፉ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንደኛው ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል።