ከፎስተር ኬር ወደ ኮሌጅ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። በፎስተር ኬር (ከወላጆቹ ጋር መኖር ያልቻለ ልጅ በመንግሥት በኩል ለጊዜው ለአሳዳጊ የሚሰጥበት ሥርዓት) ተቀብዬ የማሳድጋት ልጅ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ላይ የእኔን ገቢ ልሙላላት?

መልስ፦ እንዳይሞሉ። በጉዲፈቻ ካልወሰዷት በስተቀር ለፋፍሳ ወላጅ አይባሉም። ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት ወዲህ አንድ ቀንም ብትሆን ፎስተር ኬር ውስጥ ከነበረች ራሷን የቻለች ተማሪ ሆና ትቆጠራለች፤ የማንም ወላጅ ገቢ ወይም ፊርማ አያስፈልጋትም። በኋላ ወደ ወላጆቿ ብትመለስ ወይም በጉዲፈቻ ብትሰጥም ይኸው ነው። ብዙ አሳዳጊ በቅንነት የራሱን ገቢ ያስገባና ልጅቷ የማይመለሰውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ፣ ፔል ግራንትን፣ ታጣለች፤ ወይም ይቀነስባታል። የ2025-26 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ስለሆነ ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

ኮሌጁ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይበቃል። ደብዳቤውን ፋይሏ ሳይዘጋ ያስወጡ፤ ሶሻል ወርከሯ ከተቀየረች በኋላ ፍለጋው አድካሚ ነው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይታ 18 ሞልቷት የምትወጣ ልጅ ፎስተር ኬር ውስጥ እንደነበረች የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እንዲሰጣት የፌዴራል ሕግ ያዝዛል። ካልሰጧት ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፋፍሳ ከተሞላ የቻፊ የትምህርት ድጋፍም (ፎስተር ኬር ውስጥ ለነበሩ ወጣቶች የሚሰጠው የትምህርት ገንዘብ) አብሮ ይመጣል?

መልስ፦ አይመጣም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ለቻፊ በየዓመቱ ለስቴቱ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ነው፤ 26 ዓመት እስኪሞላ፣ በድምሩ ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ። የስቴቱ በጀት የተወሰነ ስለሆነ የዘገየ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ትምህርት በየመሃሉ የሚያቋርጥ ተማሪም በውጤት ምክንያት ድጋፉ ሊሰረዝበት ይችላል፤ ኮርስ ከመጣሉ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ያማክር።

ጥያቄ፦ ዶርሙ (የኮሌጁ የተማሪዎች ማደሪያ) በዕረፍት ሲዘጋ ልጁ የት ይደር?

መልስ፦ ይህን ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቁ፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍል የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። ብዙ ስቴቶች ደግሞ እየተማረ ያለ ወጣት እስከ 21 ዓመቱ ፎስተር ኬር ውስጥ እንዲቆይ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ 18 ሞላኝ ብሎ የመውጫ ወረቀት ለመፈረም አይቸኩል። ፈርሞ ከሆነም ተመልሶ መግባት ይቻል እንደሆነ ሶሻል ወርከሩን ይጠይቅ፤ አንዳንድ ስቴቶች ይቀበላሉ።