የሰው ስልክ እጃችሁ ሲገባ

በባሕር ዳር ለሞባይልና ለኮምፒውተር ጥገና ሠልጣኞች ምረቃ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ልታስመርቁ ከዘጌ፣ ከመራዊና ከሐሙሲት የመጣችሁ ወላጆች፣ የዛሬዎቹ ባለሙያዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ቴክኖሎጂ ዕድል ንገርልን» ብለውኝ ነበር። ስለ ዕድሉ ከእኔ በፊት የተናገሩት በቂ ብለዋል። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ ብሎን ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ደብተር ነው።

ሱቄን የከፈትኩ ሰሞን ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ስልክ ለማስጠገን ብቻ አልነበረም። «ኢሜይል አውጣልኝ»፣ «ፌስቡክ ክፈትልኝ» ይሉኛል፤ እከፍታለሁ። የይለፍ ቃሉን የምመርጠው እኔው ነኝ። ከሳምንት በኋላ ረስተውት ስለሚመለሱ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል እያልኩ አራት ዓምድ ባሰመርኩበት ደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። በደብተሩ እኮራበት ነበር። ሰው ሲመጣ ገለጥ አድርጌ አነብለታለሁ፤ መርቆኝ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ በገበያተኛ ተጨናንቆ ውሎ ማታ ላይ ደብተሩ የለም። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ሻይ ቤት ተገኘ፤ አንዲት ሕፃን በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ዶሮ ሥላበታለች። በመሀሉ ማን እንደገለጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ደወልኩ፤ ከ400 ሰው በላይ ነበር። አብዛኞቹ «ደግሞ ከእኔ ምን ይሰረቃል?» ብለው ሳቁ። አንዲት ሴት ግን ዝም ብላ ቆየችና፣ «የእኔ ነገር አንተ ዘንድ እንዳለ አላውቅም ነበር» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ሰምታችኋል። አደራ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሰጪው መስጠቱን ያውቃል፣ ተቀባዩም መቀበሉን ያውቃል። ሰጪው ሳያውቅ የተያዘ ነገር አደራ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው። እኔ ደብተሩን ስይዝ አደራ ጠባቂ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ያቺ ሴት ምንም አልሰጠችኝም።

እስቲ ወደ ጠረጴዛችሁ እንምጣ። ስክሪን ልታስቀይር የመጣች ልጅ ሳትጠይቋት የመክፈቻውን ሥዕል በቁራጭ ወረቀት ላይ ሠርታ ከስልኩ ጋር ትለጥፍላችኋለች። ስክሪን ለመቀየር እርሱ አያስፈልግም። ንክኪው መሥራቱን ለማየት ከተቆለፈው ስልክ ላይ የአደጋ ጥሪውን ከፍቶ ቁጥሮቹን መነካካት ይበቃል። የግድ መከፈት ካለበት እርሷ በፊታችሁ ትክፈተው። በዚያ ስልክ ውስጥ የሐኪም ወረቀት፣ የእናትና የልጅ ጠብ፣ የገንዘብ ልውውጥ፣ ለማንም ያልተነገረ ፍቅር አለ። በእኛ አገር ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማንም አይገልጥም፤ ለነፍስ አባቱ እንኳ እየመረጠ ነው የሚናገረው። የነፍስ አባት ደግሞ የሰማውን ይዞ ለመኖር የተሾመ ነው። እኛን ማን ሾመን? አንድ ስልክ ለመጠገን ሦስት መቶ ብር ተቀብለናል፤ በቃ።

«ሚሞሪውን አጥፍቼዋለሁ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰውም ይመጣል። አላጠፋውም። ከሚሞሪ ካርድ ላይ ፎቶ ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚሰረዘው ማውጫው ነው። እዚህ ፊት ለፊታችን ባለው ደሴት በክብራን ገብርኤል ዕቃ ቤት ያለ ብራና ስሙ ከመዝገብ ቢፋቅ ብራናው ከቦታው ይነሳል? አይነሳም፤ ሌላ መጽሐፍ በቦታው እስኪገባ ድረስ እዚያው ነው። ካርዱም ላይ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የድሮው ፎቶ አለ፤ መፈለጊያ ፕሮግራም ያለው ልጅ በደቂቃዎች ያወጣዋል። አዳዲሶቹ ስልኮች ውስጣዊ ማከማቻቸውን ስለሚያመሰጥሩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ሲመለሱ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል፤ በዚህ ይሻላሉ። ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቁልፍ ነው። ይህን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሻጩ አያውቅም። እናንተ ዝም ካላችሁ ማን ይነግረዋል?

በስልክ ጥገና ከባዱ ነገር ብየዳ አይደለም። የተቆለፈ ስልክ ይዞ የመጣውን ሰው ምን እንደምትሉት ማወቅ ነው። «የእኔ ነው፣ ቁጥሩን ረሳሁት» ይላል። ሊሆን ይችላል። ካርቶኑን ወይም ደረሰኙን ያምጣ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ባለ 15 አኃዝ መለያ ከስልኩ መለያ ጋር ይመሳሰል። «የባለቤቴ ነው፣ ክፈትልኝ» የሚልም ይመጣል፤ ይህ ከሌባው ይልቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ፊቱ ላይ ሌብነት የለም፣ ንዴት እንጂ። እኔ «እርሳቸው ራሳቸው ይዘውት ይምጡ» እላለሁ። ደንበኛ አጥቼበታለሁ። አንዱማ በሩን ወርውሮት ሲወጣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ እስካሁን አልቀየርኩትም።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምናደርገውን ግንኙነት የግል ሕይወታችን ክፍል አድርጎ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው መሣሪያ ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለምን እንደያዘው እንዲያውቅና እንዲጠየቅበት ያደርጋል። የእኔ ደብተር ዛሬ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

ነገሩ ከስልክ አልፏል። ለፋይዳ ስንመዘገብ አሥር ጣታችንን፣ ዓይናችንንና ፊታችንን ሰጥተናል። መታወቂያው ጠቃሚ ነው፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ። ነገር ግን ቅድም የነገርኳችሁ የጠፋው ደብተር የይለፍ ቃል ነበር የያዘው፤ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ለወጥነው። የጣት አሻራ ከጠፋ ምን ይለወጣል? እግዚአብሔር ሌላ ጣት አይሰጠንም። ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ በምዝገባ ጣቢያ ትሠራላችሁ። ለአሻራ የተዘረጋ የአንዲት አሮጊት እጅ ስታዩ፣ ይህ ደብተር ሊተካ የማይችል ደብተር መሆኑን አስታውሱ።

ስለ ፈቃድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ፕሮግራም ስትጭኑ ስልኩ «ስልክ ማውጫህን ላንብብ? ያለህበትን ልወቅ?» እያለ ይጠይቃል፤ በእንግሊዝኛ። የዘጌዋ እናት አታነበውም፤ «ልጄ፣ አንተው ነካካው» ትላለች። ፊደላችን በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ገብቶ ኮምፒውተር ዓለም ውስጥ ስፍራ ካገኘ ቆየ፤ ጥያቄው ግን አሁንም በብዛት በሌላ ቋንቋ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ያን ሰዓት «ፍቀድ» የሚለውን የተጫነው የማን ጣት ነው? የእናንተ። ቡና ሻጭ የሆነች እናት ስልክ ማውጫዋን ለማን እንደሰጠች በአማርኛ ንገሯት። ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን የነበረበትን ጊዜ አትረሱትም። ሱቃችን ፖስታ ቤት ሆኖ ነበር። የሠርግ ቪዲዮ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የልጅ ፎቶ፣ ሁሉም ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ በእኛ እጅ አልፏል። አንዱን ፋይል ስንገለብጥ ሌላው አብሮ እንዳይሄድ የሚጠነቀቅ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። መስመሩ ሲዘጋ ስለመዘጋቱ ለሕዝቡ የሚነገር ምክንያት ሊኖር ይገባል፤ ይህን የምለው ከሱቄ ጠረጴዛ ሆኜ ነው። ያኔ የብዙ ሰው የግል ጉዳይ ማንም ሳይፈቅድ በእጃችን ላይ ወድቆ ነበር።

ያበጡ ባትሪዎችን ወደ ሐይቁ ዳር ስለሚጥሉ ልጆች የማወራው ነበረኝ፤ ለሌላ ቀን ይሁን፤ ወላጆች ርቧችኋል።

በየወንበራችሁ ላይ አንዳንድ ሲም ማውጫ መርፌ በክር አሥሬ አስቀምጫለሁ። አንገታችሁ ላይ አጥልቁት። ስልክ ስትቀበሉ መጀመሪያ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥታችሁ ለባለቤቱ መልሱ፤ ከዚያ ጥገናው ይጀመር። መርፌዋ ትንሽ ስለሆነች ትጠፋለች። ስትጠፋባችሁ ወደ ሱቄ ኑ፤ በተሰነጠቀው መስታወት ታውቁታላችሁ፤ ሌላ እሰጣችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።