ስድስቱን ጽሑፎች ማን አነበበ? (የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጽሕፈት ቤቱን ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ላቆመችው ጸሐፊያችንና ሒሳቡን በጊዜው ላደረሰልን ገንዘብ ያዥ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ለወጣት ተመራማሪዎች ሥልጠና ሰጥተናል፤ የአባላት መዝገብም ታድሷል። የቀረው እጃችሁ ላይ ባለው ሪፖርት ስላለ አላነበውም። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ማኅበራችን ለካንሰር ተመራማሪ የሚሰጠው ሽልማት ጉዳይ ነው።

ዛሬ ያልመጡት በየመተላለፊያው በሌላ መልክ ስላወሩት፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። የአንደኛው የኅትመት ዝርዝር 14 ገጽ፣ ኤች-ኢንዴክሱ (የጽሑፎቹን ብዛትና ሌሎች የጠቀሷቸውን መጠን በአንድ ቁጥር የሚገልጸው መለኪያ) 41 ነው። የሁለተኛዋ ዝርዝር ሁለት ገጽ አይሞላም፤ ኤች-ኢንዴክሷም 9 ነው። ከጽሑፎቿ አንዱ ግን ብዙዎቻችን የአንድ ዕጢ ሴል ነው ብለን ስንሠራበት የኖርነው የሴል መስመር (በላቦራቶሪ እየተባዛ የሚኖር የሴል ዘር)፣ በዘረመል ሲፈተሽ ከማኅፀን በር ካንሰር የተወሰደው፣ ሄላ የተባለው መስመር ሆኖ መገኘቱን ያሳያል። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሁለት ጊዜ ያለ ውሳኔ ተበተነ።

በመምረጫ ቅጹ ላይ ለኤች-ኢንዴክስ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። «ይህ ሰው ምን አገኘ?» የሚል መስመር ግን የለም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ለሌላ አልሰጥም።

የፊዚክስ ሊቁ ኾርኼ ሂርሽ ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያቀርብ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ 30 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 30 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 30 ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሙከራውን በእጁ የሠራውን በጸሐፊዎቹ ዝርዝር መካከል ስሙ ከተሰካው አይለይም። ጽሑፍህ «ተሳስቷል» ተብሎ ቢጠቀስም እንደ ሙገሳ ይቆጠርልሃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ብቻ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ስሜ ተጽፎልኛል፤ እስከ ዛሬም ጥቅስ ያመጣልኛል። የመጽሔቶች ኢምፓክት ፋክተርም (የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ከዚህ አይሻልም። በካንሰር ዘርፍ ከፍተኛውን ቁጥር የያዘው መጽሔት ወደዚያ የወጣው በአብዛኛው በየዓመቱ በሚያወጣው የሕሙማን አኃዝ ነው። ሁላችንም የጽሑፋችንን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በዚያ አኃዝ ስለምንከፍት!

ትልቅ ግኝት ቶሎ ላይወደስ ይችላል። የካንሰር ተመራማሪው ፔይተን ራውስ በዶሮ ላይ ካንሰር አምጪ ቫይረስ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1911 አሳተመ፤ የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው በ1966 በ87 ዓመቱ ነው። በዚያው በ1966 የዘረመል ተመራማሪው ስታንሊ ጋርትለር ብዙ የሴል መስመሮች በሄላ መበከላቸውን ለባልደረቦቹ ሲናገር የገጠመው ቁጣ ነበር። ዕጩዋ የያዘችው የዚያን ሥራ ቀጣይ ነው፤ ከእኛም ያው ቁጣ ገጠማት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የሁለቱንም ዕጩዎች ሦስት ሦስት ጽሑፎች ለአባላት በሙሉ ልከን አስተያየት ጠየቅን። የመጡት ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ 41 እና ስለ 9 ነበሩ። አንድ አባላችን አራት ገጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጽሑፏን ግን ሄላን ከዚያ ዕጢ ጋር ስለማነጻጸር እንደሆነ አድርጎ ነው የተቸው። የጽሑፏ ማጠቃለያ ሁለተኛ መስመር ሁለቱ ሴሎች አንድ መሆናቸውን ይናገራል! ከፊት ረድፍ ወንበር ይዤለት ነበር፤ አልመጣም። ሌሎችም «ጊዜ የለንም» ብለዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አራት ገጽ ለመጻፍ ጊዜ ያለው ሰው ስድስት ጽሑፍ ማንበብ አያቅተውም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ቢሆን በቀለለን። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣው ትልቅ የካንሰር ጥናቶች ድግግሞሽ ሥራ 193 ሙከራዎችን ለመድገም አቅዶ የጨረሰው 50 ብቻ ነው። ከ193ቱ አንዱም ጸሐፊዎቹን ሳይጠይቁ ለመድገም በሚያስችል ዝርዝር አልተጻፈም ነበር። እነዚያ ጽሑፎች ግን በገፍ የሚጠቀሱ ነበሩ።

አንደኛው ዕጩ ክብሩ እንዳይነካ እፈልጋለሁ። ከ14ቱ ገጾች ውስጥ እኔ የምቀናባቸው ሦስት ሥራዎች አሉት፤ አንዱ የመድኃኒት መጠን አወሳሰናችንን ለውጦታል። ደጋፊዎቹ ግን ይህን አንድም ጊዜ አላነሱለትም፤ 41ን ብቻ ደጋገሙለት። እርሱም እዚህ አለ፣ ይስማኝ፤ የበደሉህ እነርሱ ናቸው።

ድምፅ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ስድስቱ ጽሑፎች ታትመው መግቢያው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሻይ ዕረፍቱንም በአንድ ሰዓት አራዝመነዋል። ቅጹ ተቀይሯል፤ ሣጥኗ ወጥታ በቦታዋ አሥር ባዶ መስመሮች ገብተዋል። እስክሪብቶ ያልያዘ ከጸሐፊያችን ይውሰድ።

ጉባኤው ተከፍቷል።