ስም ያለው ድንጋይ፣ ስም የሌለው ሰው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ወታደር መቃብር ነው፤ ከበድ ይላል መቼስ።

ከረን ያለውን የእንግሊዞች መቃብር በፎቶ አይታችሁ ይሆናል። በፈረንጆቹ 1941 ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ የሞቱ ናቸው እዚያ ያረፉት። እንግሊዞች በየአገሩ ያሏቸው እንዲህ ያሉ የወታደር መቃብሮች አንድ ደንብ አላቸው፦ መኮንንም ሆነ ተራ ወታደር ድንጋዩ እኩል ነው። ደንቡ የመጣው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው፤ ሀብታም ለልጁ ለብቻው ሐውልት ማቆም፣ አስከሬኑንም አገሩ ማስመጣት አይችልም ተባለ። ብዙ ቤተሰብ ተቆጣ። እኔም ብሆን እቆጣ ነበር፣ ሐሳቡን ግን እወደዋለሁ።

ብዙዎቹ ግቢዎች ውስጥ ትልቅ መስቀል አለ፣ ላዩ ላይ የነሐስ ሰይፍ ቁልቁል ተዘቅዝቆ። ውጊያው አበቃ ለማለት ነው ብትሉኝ እሺ፤ ግን ሰይፍ መስቀል ላይ ምን ይሠራል? ለእኔ የሚሻለው እንግሊዛዊው አርክቴክት ኤድዊን ሉተንስ የነደፈው መሠዊያ የሚመስል ድንጋይ ነው። መስቀል የለበትም፤ ሙስሊሙም ሂንዱውም አብረው ሞተዋላ። «ስማቸው ለዘላለም ይኖራል» ይላል። ጥቅሱን የመረጠው እንግሊዛዊው ደራሲ ኪፕሊንግ ነው፤ ልጁ በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ ጦር ሜዳ ቀርቶ፣ አስከሬኑን ሳያገኝ የሞተ አባት።

ጥቅሱ ከሲራክ 44 ነው። እኛ ጋ ሲራክ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 9 ላይ፣ መታሰቢያ ስለሌላቸው፣ እንዳልተፈጠሩ ሆነው ስለጠፉ ሰዎች ይናገራል። ያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ግን እሱ አይደለም።

እነማን ናቸው ካላችሁ፣ መቃብሮቹን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ራሱ በ2021 ሪፖርት አውጥቷል። በመጀመሪያው ጦርነት ለእንግሊዝ ከሞቱት ውስጥ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚሆኑት፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ ወይ በስም አልታሰቡም ወይ ጭራሽ አልታሰቡም። ብዙዎቹ ጥይትና ስንቅ ተሸካሚ ነበሩ። ናይሮቢ መሀል ከተማ ሐውልት አላቸው፣ ሦስት የነሐስ ሰዎች፣ አንዱ ተሸካሚ። የአንድም ሟች ስም ግን የለበትም።

ኮሚሽኑ ይቅርታ ጠይቋል። በ2025 ኬፕታውን ላይ ከ1,700 በላይ ለሚሆኑ ጥቁር የጉልበት ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው ስሙ ያለበት የእንጨት ምሰሶ ቆመ። ደስ ይላል። እዚያ ግን መዝገብ ተገኝቷል፤ መንገድ ላይ ወድቆ ማንም ያልመዘገበውን ተሸካሚ ስሙን ከየት ያመጡታል?