ክረምት ሳይገባ፦ ስለ ቆርቆሮና ነጭ ዝገት

የተከበራችሁ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች፣ የመጋዘን ኃላፊዎችና አናጢዎች፣ እንደምን አደራችሁ። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ስለሆነ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ነጭ ዝገት።

እስሩን ስትፈቱ ታውቁታላችሁ። የላይኛው ቆርቆሮ ያበራል፤ ከሥሩ ያሉትን ስታነሱ ግን እንደ ኖራ ያለ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል፣ ሲጠርጉትም ቦታው ጠቁሮ ይታያል። ደንበኛው «ይሄ አሮጌ ነው» ብሎ ጥሎ ይሄዳል። አሮጌ ግን አይደለም።

ብረቱ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚለበጠው። ጣሪያ ላይ ሲወጣ ዚንኩ ከእርጥበትና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ጠንካራ ግራጫ ልባስ ያወጣል፤ ዓመታት የሚያቆየው እሱ ነው። ተደራርቦ በታሰረ ቆርቆሮ መሃል የገባ ውሃ ግን አየር አያገኝም። ልባሱ ሳይፈጠር ዚንኩ እየተበላ ዱቄት ይሆናል።

ለዚህ ፋብሪካዎች መላ አላቸው፤ ፓሲቬሽን ይሉታል። የተለበጠው ብረት ከመጠቅለሉ በፊት በክሮሚየም ውህድ ይታጠባል። የሚቀርበት ሽፋን ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ፣ ያነሰ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይጠብቃል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ሥራው ቆርቆሮውን ጣሪያ ድረስ ማድረስ ነው፦ በጅቡቲ ወደብ ወበቅ፣ በመኪና ሸራ ሥር፣ በእናንተ መጋዘን።

የቆየው አሠራር ባለ ስድስት ቫለንስ የሚባለውን የክሮሚየም ዓይነት ይጠቀማል። ዝገት በመከላከል ጎበዝ ነው፤ ካንሰርም ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ በ0.1 በመቶ ገድቦታል። ሌላው የክሮሚየም ዓይነት፣ ባለ ሦስት ቫለንሱ፣ አደጋው እጅግ ያነሰ ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን እሱን እወስዳለሁ፤ ብረቱ የሚታጠብበት ገንዳ ዘንድ የሚቆመው የሰው ልጅ ነዋ!

ቀለም ለምትቀቡ፦ ፓሲቬሽን የተደረገለት አዲስ ቆርቆሮ ቀለም በደንብ አይዝም። የዘይት ቀለም በቀጥታ ከተቀባማ ከዚንኩ ጋር ሳሙና ፈጥሮ ይላጣል። ለጋልቫናይዝድ፣ ማለትም በዚንክ ለተለበጠ ብረት፣ የተሠራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ) ጠይቁ።

መጋዘን ውስጥ እስሩን መሬት አታስነኩት። ጣውላ ላይ፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ውሃ ከገባ ይወርዳል። በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል ላቡን እዚያው ያስቀራል። ርሶ የመጣ እስር ካለ በዕለቱ ፈትታችሁ አንድ በአንድ አድርቁ።

ስትገዙም ፓሲቬሽን ተደርጎለት እንደሆነና በየትኛው ክሮሚየም እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።