«ጠጠር የለም» ሲባል፦ የደም ስር ብግነትና የሐሞት ከረጢት

[ምስል፦ ደሴ ከጦሳ ተራራ ላይ ስትታይ]

ወሎ ውስጥ ሆዱን ከላይ በኩል ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ጨጓራዬ ነው» ነው። ተልባ ይጠጣል፣ በርበሬ ይቀንሳል። አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የደም ስር ብግነት ኖሮበት ብግነት የሚያበርደውን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ግምት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ ጉበት፣ ከሥሩ የሐሞት ከረጢት፣ ወደ ከረጢቷ የምትገባ ቀጭን ቀይ መስመር]

የሐሞት ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ የምትታመመው ጠጠር መውጫዋን ሲዘጋው ነው። ያለ ጠጠርም ትታመማለች። በደም ስር ብግነት ጊዜ የሰውነት መከላከያ የራሱን ደም ስሮች ሲያጠቃ፣ ግድግዳቸው ያብጣል፣ ይጠባል፣ አንዳንዴም ይደፈናል። ከረጢቷ ደም የሚደርሳት ደግሞ በአብዛኛው በአንዲት ቀጭን ደም ስር ነው። በአንድ ቦይ ብቻ የሚጠጣ የቆቦ ማሳ አስቡ። ቦዩ ሲደፈን ሌላ ውኃ የለም። ደም ያጣች ከረጢት ትቆጣለች፤ ሲብስም ሥጋዋ ይሞታል፣ ትበሳለች።

ከደም ስር ብግነት በሽታዎች አንዱ ፖሊአርተራይተስ ኖዶሳ ነው። አንዳንዴ ጉበትን ከሚያጠቃው ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር ይያያዛል። ቫይረሱ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ላይ ስላለ ምርመራውን አትዝለሉት።

[ምስል፦ የአልትራሳውንድ ክፍል]

«ጠጠር የለም» ሲባል ሁላችንም እፎይ እንላለን። እባካችሁ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የከረጢቷ ግድግዳስ? ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ዙሪያዋ ፈሳሽ ከታየ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቱ ራሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ብግነትን ሲያበርድ ትኩሳቱንና ሕመሙንም ሊደብቅ ይችላል። ሕመሙ ቀለል አለ ማለት ችግሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከቀኝ ጎድን በታች የማይለቅ ሕመም፣ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ከላስታ ደሴ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቅርብ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሐኪሙን አሳዩት። በራሳችሁ ግን አታቁሙት። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ የደም ግፊቱ ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል።

[ምስል፦ ማይክሮስኮፕ]

ቀዶ ሕክምና ካስፈለገና ከረጢቷ ከወጣች፣ ለፓቶሎጂ ምርመራ (ሥጋዋ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት) መላኳን ጠይቁ። የደም ስር ብግነት እንዳለበት ሳያውቅ የኖረ ሰው አንዳንዴ በሽታው የሚታወቅለት እዚያ ነው። ኩላሊቱና ነርቮቹም የሚመረመሩት፣ ብግነቱን የሚያበርደው ሕክምና የሚጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።