ሁለት ነጥብ ወረደ፤ ታዲያስ?

እሺ... እንዴት ናችሁ። ድሬ ያው ድሬ ናት፣ ቬንትሌተሩ ከኋላዬ ይጮኻል፣ ቻሉት። አረጋውያን የማስታወስ ፈተና ላይ የሚስሉትን የሰዓት ነገር ደግሞ ላነሳው ነው። "አሁንም ሰዓት?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ አልለቀቀኝም።

ሰዓቱ የሚሳልባትን ቅጽበት ቀስ ብለን እንያት። "ሞካ" በሚባለው፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን በሚለካው የ30 ነጥብ ፈተና ላይ አረጋውያን ሰዓት ይስላሉ። ለክቡ አንድ ነጥብ፣ ለቁጥሮቹ አንድ፣ ለቆጣሪዎቹ አንድ። "11 ሰዓት ከ10 ያድርጉት" ይባላል። ከዚራ የሚኖሩ የ72 ዓመት እናት እንበል። እስክሪብቶውን ያነሳሉ፤ ሰዓት ቆጣሪውን 5 ላይ፣ ደቂቃ ቆጣሪውን 2 ላይ። ልክ ናቸዋ! በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሲሆን አጭሩ የሚያርፈው 5 ላይ ነው። የማረሚያው ወረቀት ግን 11 ላይ ነው የሚፈልገው። አንዱ መርማሪ ገብቶት ነጥቡን ይሰጣል፣ በዓመቱ ሌላው በወረቀቱ ሄዶ ይነፍጋል። እሳቸው ምንም ሳይሆኑ አንድ ነጥብ ወረዱ። ልጆች ደግሞ በር ላይ "ጃጁ እንዴ?" ይባባላሉ...

የፊደሉም እንዲሁ ነው። በአንድ ደቂቃ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ይጠራሉ፤ 11 ከሞሉ አንድ ነጥብ ነው። በእኛ ፊደል "ፈ" ስንል "ፉ" እና "ፊ" ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ተፈታኙ ሳይጀምር ወስኑ፤ የወሰናችሁትን ጻፉት። ቆይ፣ ከመስመር ወጣሁ።

የእኚሁ እናት ውጤት አምና 24፣ ዘንድሮ 22 ነው እንበል። ያ መውረድ ነው? ካልኩሌተር አውጡ። የነጥቦቹ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የሰዎች ነጥብ ከአማካዩ የሚራራቅበት መጠን) 3፣ ፈተናው ሲደገም የሚስማማበት መጠን 0.80 ቢሆን፦ ከ1 ላይ 0.80 ስንቀንስ 0.20፣ በ2 ሲባዛ 0.40፣ ስኩዌር ሩቱ 0.63፣ በ3 ሲባዛ 1.9። ይህን በ1.96 ስናባዛው 3.7 ይመጣል። ስለዚህ አራት ነጥብ ካልወረዱ በ95 በመቶ መተማመኛ "ተለወጡ" አይባልም። ሁለት ነጥብ የመለኪያው መወዛወዝ ሊሆን ይችላል።

ግን ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰው ፈተና ሲደግም ይለምደዋል። እኩዮቻቸው በልምምድ በአማካይ አንድ ነጥብ ከጨመሩ፣ የእሳቸው መውረድ ሦስት ነው የሚቆጠረው። ሦስት ለ1.9 ሲካፈል 1.58። አሁንም 1.96 አልደረሰም፤ ግን እንዴት እንደተጠጋ አያችሁ? ባለበት የቆመ ውጤት ራሱ መውረድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይሄ ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው።

ለማንኛውም፣ ሁለት ልኬት ብቻ ይዞ መስመር ከማስመር ሦስተኛ ልኬት መጨመር ይሻላል። ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ደግ ነው። ጫት የሚቅም ሰው አንዴ ከበርጫ በፊት፣ አንዴ በምርቃና ከተለካ ውጤቱ አይነጻጸርም። ቋንቋም እንዲሁ፤ አምና በአማርኛ፣ ዘንድሮ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ አይሆንም። መነጽር፣ ጆሮ፣ ኢንፌክሽን፣ ድብርት፣ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት ነው) የመሰለ መድኃኒት... በየጊዜው መዝግቡ። ሞካ ተለዋጭ ቅጾች አሉት፤ አንዱን ደጋግሞ ማቅረብ የቃላቱን ዝርዝር ማስጠናት ነው።

ደግሞ ቤተሰብ ይጠየቃል። ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩበት ጋር አስተያይቶ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት መጠይቅ አለ፤ 3 ማለት ለውጥ የለም። ትምህርት ቤት ላልሄዱ እናቶች ከእስክሪብቶ የበለጠ ይመቻል። ከቀፊራ ገበያ መልስ ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ ወይ? የዕድር ቀን ይረሳሉ ወይ? እንዲህ ያለውን ይይዛል። ታዲያ መላሿ ልጅ ራሷ ተሰላችታ ከሆነ ሁሉን 5 ታደርገዋለች...

"ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ" ማለት ትክክለኛ መልስ ነው፤ በስሌቱ ማለቴ ነው። ግን የስኳር መድኃኒታቸውን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ማን ይያዘው? በ1.58 ቁልፍ ትቀማለህ? ወይስ... አይ፣ እኔ እንጃ። ምናልባት ጥያቄው ራሱ...